አሥራ አምስት ኪሎ ለወይዘሪት

ማክሰኞ መጋቢት ዘጠኝ ቀን ነበር፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። እትዬ ሰዓቱን የምታስታውሰው ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ሲጀምር ዓይኗ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ሰዓት ላይ ስለነበረ ነው። ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አነሳችው፤ ፉጨቱ ቀጥ ሲል የወንድሟ ሚስት ድምፅ ከመኝታ ቤት ጥርት ብሎ መጣ። የወንድሟ ሚስት መምህር ናት፤ ሃምሳ ሕፃናት ስትቆጣ ስለምትውል ድምፅ ዝቅ ማድረግ አይሆንላትም። ቤቱ ሸቷል፣ ልብሷ ሳይቀር ሸቷል፣ ትናንት አንድ የሰባት ዓመት ተማሪ በክፍሉ ሁሉ ፊት «ቲቸር፣ ለምንድን ነው የምትሸቺው?» ብሎ ጠይቋታል፤ ከእንግዲህ ወይ ድመቷ ትውጣ ወይ እሷ ትወጣለች፣ ነበር የምትለው። የአልጋው ሽቦ ተንጫጫ፣ ጫማ ወለሉ ላይ ተጎተተ፣ ከዚያ ወንድሟ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዛሬ ማታ በአውቶቡሱ እወስዳታለሁ። መጨረሻ ፌርማታ ላይ አወርዳታለሁ» አለ።

ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የእሱ መስመር መጨረሻ ፌርማታ የት እንደሆነ እትዬ ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ ደክሟት ተኝታ እስከዚያ ሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ቤት የለም፤ የድንጋይ ካባና የቆሻሻ መጣያ ብቻ ነው ያለው። እዚያ የሚውሉት ውሾች ሰው ሲያዩ አይሸሹም፤ ዝም ብለው ያያሉ። ሻይ ላይ ሦስቱም ተቀመጡ፤ ዳቦው ተቆረሰ፣ ስኳሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መምህርቷ የደብተር ክምሯን አቅፋ ስትወጣ «እትዬ፣ ደህና ዋይ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ይህ ደግሞ ከቁጣው ይከብድ ነበር። እትዬ ወንድሟን በሩ ላይ ያዘችው።

«ሰምቻለሁ» አለችው።

«እኔ እኮ ጠልቻት አይደለም።»

«አውቃለሁ። ሽታው ዛሬ ቢጠፋስ?»

ቁልፉን በጣቱ አሽከረከረና «አሥራ አንድ ተኩል ላይ እመጣለሁ» አላት፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚነግር ሰው።

እንዲህ ያስጨነቃት የድመት ፍቅር አይደለም። ድመቷ የእናቷ ናት። እናቷ ኅዳር ላይ ደረጃው ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ የምትወርደው ደግፈዋት ወንበር ላይ ለመቀመጥ ብቻ ነው። ሦስቱም ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ፣ እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር የሚተነፍስ ፍጡር ያቺ ግራጫ ድመት ብቻ ነበረች። እናቷ ወይዘሪት ነበር የምትላት፤ ሳታገባ ያረጀች ስለሆነች። ጥር ላይ ወይዘሪት በመስኮት ወጥታ ሁለት ቀን ስትጠፋ፣ እናቷ ሁለቱን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ውኃ እንኳ በልመና ነበር የምትቀምሰው። ድመቷ ከሄደች እናቷ ተከትላት እንደምትሄድ እትዬ የሚነግራት ሐኪም አያስፈልጋትም ነበር።

ወደ ክፍሉ ስትገባ እናቷ እንደ ወትሮው በጎኗ ተኝታ፣ ወይዘሪት ከጀርባዋ ተለጥፋ፣ የድመቷን ቆሻሻ ከረጢት እየቋጠረች ነበር። ይህ የእናቷ ሥራ ነው። አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ «አንድ ነገር እንኳ ልሥራ፣ ሥራ ፈት አታድርጉኝ» ብላ የለመነችው እሱን ነበርና ተዉላት። እትዬ ሣጥኑን በአካፋ ትጠርጋለች፣ ከረጢቱን አልጋው ሥር ትተውላታለች፣ እናቷ በጊዜዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ጥብቅ አድርጋ ትቋጥረዋለች፣ እትዬ ወደ ሥራ ስትወርድ ይዛው ወርዳ ትጥለዋለች። ገላዋንም እናቷ ራሷ ናት የምትታጠበው። ሳፋ፣ ሳሙናና ፎጣ፣ ሲያስፈልጋትም ፖፖ አስጠግተውላት ይወጣሉ፤ በሩ ይዘጋል። የወለደቻት ልጅ እንኳ ጀርባዋን አታያትም። «ሬሳ ነው በሰው የሚታጠብ» ትል ነበር፤ አንዴ እንዲህ ከተባለ ደግሞ ማን ደፍሮ ይከራከራል። ሽታውን በተመለከተ ሁልጊዜ ቀድማ የምታነሳው እሷ ነበረች። ሰው ሲገባ ፊቷን አጨማዳ፣ «ይቺ ወይዘሪት አርጅታ አልቻልኳትም፣ ሽንቷ ከፋ» ትላለች። ከዚያ ድመቷን በእጇ ትፈልጋትና አንገቷን ታሻታለች።

እትዬ ስለ ሽታው የምታውቀው ሰው ሲነግራት ብቻ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ንጽሕና ቤት ውስጥ በካውያ ፊት ቆማለች። እንፋሎቱ፣ ስታርቹና በረኪናው ተባብረው አፍንጫዋን ከገደሉት አሥር ዓመት ይሆናል። ዳቦ ሲያር የምታውቀው በጭሱ ነው። ስለዚህ ሽታው ከየት እንደሚመጣ ብትጠየቅ የምትመልሰው የሰማችውን ነበር፤ የሰማችው ደግሞ ድመቷ ናት የሚለውን ነው።

ያልሞከረችው አልነበረም። መጀመሪያ ሕንፃ ከሚሠራበት ለምና ያመጣችው አሸዋ ነበር፤ ነፃ ነው፣ ግን ሽንቱን ይጠጣና ሥሩ ረግረግ ይሆናል፣ አንዱን ሳፋ አራት ፎቅ ማውረዱ ደግሞ ወገብ ይቆርጣል። ከዚያ የተቀዳደደ ጋዜጣ አደረገች፤ ወይዘሪት ጋዜጣውን አልፋ ምንጣፉን መረጠች። ከዳቦ ቤት አመድ አመጣች፤ አመዱ ሽታ ይይዛል ቢሏትም፣ ድመቷ አመድ ነጭ ባደረገው እግሯ የመምህርቷን ጥቁር ሶፋ ከዳር እዳር ስለረገጠችው አንድ ሳምንት ሙሉ በቤቱ ውስጥ ከ«እንደምን አደራችሁ» ያለፈ ንግግር አልነበረም። ከአናጢው ያመጣችው ደቃቅ ሰጋቱራ ደግሞ ከድመቷ ፀጉር ጋር ተጣብቆ እናቷ አንሶላ ውስጥ ገባ። የዚያን ቀን እትዬ ሰጋቱራውን ላራግፍልሽ ስትላት እናቷ እጇን መታ ነበር የከለከለቻት።

በሥራ ቦታ ከእኩለ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈቃድ ጠየቀች። አጠገቧ የምትተኩሰው ጓደኛዋ፣ ጨዋታ የማያልቅባት ሴት፣ ለድመት ሽንት ፈቃድ የወሰደ ሠራተኛ በታሪክ እሷ የመጀመሪያዋ እንደሆነች ነገረቻት። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፤ ሣጥኗን ብትቀይሪላት አመሏን ትቀይርልሽ መሰለሽ? ቀይሪያት ባይሆን» አለቻት። እትዬ ሳቀች። አሠሪዋ ግን ሳይስቅ፣ ትናንት አንድ ደንበኛ ሸሚዙ ‘የሆነ ነገር ይሸታል’ ብሎ እንደመለሰ ነገራትና ፈቃዱን ሰጣት። ሸሚዙን የተኮሰችው እሷ ነበረች። በመንገድ ላይ እጅጌዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ሳበች፤ ምንም። እንደ ውኃ ምንም።

የእንስሳት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ሻጯ ጥፍሯን የተቀባች ለግላጋ ልጅ ናት፤ የሸክላ ጠጠር የሞላበትን አሥር ኪሎ ከረጢት እያሳየች፣ ሽንት ሲነካው ድቡልቡል ሆኖ ይጠጥራል፣ ጠጠሩን ብቻ አንስቶ መጣል ነው፣ ሦስት ሳምንት ይበቃል፣ አለቻት። እትዬ የሚከፈላት በተኮሰችው ልክ ስለሆነ ዋጋ የምታሰላው በሸሚዝ ነው። ከረጢቱ ሰባ ሁለት ሸሚዝ ነበር። ይኸውም ሁለት ቀን ከግማሽ ቆሞ መዋል ማለት ነው፣ ለሦስት ሳምንት። አነስ ያለውስ ስትላት ልጅቷ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተችና ዘጋችው፤ በዝግታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ ከዚያ ሌላ አንድ። ከጠረጴዛው ኋላ ሆና ነበር የቀረውን የነገረቻት።

ስትወጣ አንድ በር ጠባቂ፣ ከገበያው ጀርባ የዶሮ መኖ የሚሸጡት ዘንድ ለጫጩት የሚነጠፍ ነገር አለ፣ ድመት ያላቸው ሰዎች ሲገዙ አይቻለሁ፣ አላት። ሄደች። መኖ ሻጩ ሽማግሌ ነው፤ ጢሙ ላይ የበቆሎ ብናኝ ሰፍሮበታል። ጉዳዩን ስታስረዳው እንደ ሙያ ሰው በቁም ነገር አዳመጣት። ከዚያ አንድ ጆንያ ፈትቶ እፍኝ ሙሉ አወጣ፤ ሰጋቱራ በማሽን ተጨምቆ እንደ እንክብል የተቆራረጠ ነው። ጣሳ ላይ አድርጎ ከሚጠጣው ብርጭቆ ውኃ አፈሰሰበት። እንክብሉ አበጠ፣ ተሰነጠቀ፣ ዱቄት ሆነ፤ ውኃው የት እንደገባ አልታየም።

«ሁለት ሳፋ ትወስጃለሽ» አላት። «የላይኛውን ትበሺዋለሽ። ደረቁ ከላይ ይቀራል፣ ዱቄቱ ወደ ታች ይወርዳል። የታችኛውን ብቻ መድፋት ነው። ሽታ የሚባል ነገር የለም፣ የጥድ እንጨት ነው። ቀለም የነካው ሣንቃ የለበትም፤ ጫጩት ይሞትብኛል፣ ከአንቺ በላይ የምፈራው እኔ ነኝ።»

አሥራ አምስቱ ኪሎ ዘጠኝ ሸሚዝ ነበር። ከከፈለች በኋላ ጆንያውን በትከሻዋ ሊያሸክማት ጠጋ ሲል ቆም አለ። ፊቷን ሳይሆን ትከሻዋ አካባቢ ያለውን አየር ያየ መሰለ።

«ድመትሽ ቁስል አለባት እንዴ?» አላት።

የለባትም አለችው። ሽታዬ አስቸገረዎት መሰል፣ የድመቷ ሽንት ልብሳችንን ሁሉ ወርሶታል፣ ብላ ይቅርታ ጠየቀችው።

«እህቴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከእንስሳ ጋር ነው የኖርኩት። ይሄ ሽንት አይደለም። ቤት ገብተሽ ሆዷንም ጀርባዋንም ፈትሺያት። የቆሰለ ነገር ካለ ደግሞ ቶሎ ማሳከም ነው።»

አራቱን ፎቅ ጆንያውን ተሸክማ ስትወጣ በየወለሉ ቆማለች። ሦስተኛው ላይ ቁጭ አለች። ደረጃው ላይ ማንም አልነበረም፤ የአንድ ቤት ራዲዮ ከበር ጀርባ ያወራል። ሽማግሌው ያላት ጭንቅላቷ ውስጥ ቢዞርም፣ የሚያርፍበት ቦታ ያጣ ነገር ይመስል ነበር። ገብታ ሳፋዎቹን አወጣች፣ ትልቅ ምስማር በምድጃው እሳት አግላ የላይኛውን ሳፋ በሳችው፤ የፕላስቲኩ ጭስ ዓይኗን ሲያቃጥላት እናቷ ከውስጥ «ምን እያቃጠልሽ ነው?» አለች። የወይዘሪትን ቤት እየሠራሁ ነው አለቻት።

አሮጌውን ሣጥን እንዳለ አወጣችው። ወለሉን በበረኪና አጠበች፣ ምንጣፉን ጠቅልላ አወጣች፣ መስኮቱን ከፈተች። አዲሱን ሣጥን በበሩ ማዕዘን አስቀምጣ እንክብሉን ስታፈስበት እንደ ዝናብ ይንሿሿ ነበር። ቀጥላ ድመቷን ለመፈተሽ ወደ አልጋው ሄደች። ወይዘሪትን ከእናቷ ጀርባ ስትስባት የድመቷ ፀጉር አንሶላው ላይ ተጣብቆ ቆየና ለቀቀ። ሆዷን አየች፣ ደህና ነው። ጆሮዋን፣ መዳፏን፣ ጅራቷን አየች። በግራ ጎኗ ግን፣ ከእናቷ ጀርባ ጋር ተለጥፎ በሚውለው በኩል፣ ፀጉሯ እርስ በርሱ ተጣብቆ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። በጣቷ ፈልቅቃ ሥሩን አየች። ቆዳዋ ንጹሕ ነው። ቁስል የለም።

እትዬ ድመቷን እንዳቀፈች ቆመች። ከመስኮቱ የልጆች ጫጫታ ይመጣል። እናቷ አንገቷን ሳታዞር ወደ ግድግዳው እያየች ነበር።

«እማዬ፣ እስቲ ትንሽ ላገላብጥሽ» አለች።

«ሾርባ ነው። ትናንት ሾርባ ደፍቼባት ነው።»

«ጀርባሽን ልየው።»

«እኔ ሕፃን አይደለሁም፤ አንቺን አጥቤ ያሳደግሁ ነኝ። ይልቅ ሂጂ፣ አሠሪሽ ይቆጣሻል።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ እትዬ በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀው ነገር ነበረ። ልመና ነበር። እትዬ ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ፣ ካውያ እየገፋችም አውቶቡስ እየጠበቀችም፣ ወደዚያች ደቂቃ ተመልሳለች። ብርድ ልብሱ ከእጇ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። አልገለጠችውም። ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክራ የድመቷን ጎን ጠረገች፣ ሾርባ ነው ብላ ለራሷ ነገረች፣ ወደ ሥራዋም ተመለሰች፤ ከተፈቀደላት ሰዓት ሃያ ደቂቃ አሳልፋ ስለነበር ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፣ ወይም እንደሌላት ማሰብ ቀለላት።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወንድሟ የታጠፈ ባዶ ጆንያ በብብቱ ይዞ ገባ። ፀሐዩ ገና አልጠለቀም፤ የክፍሉ ግድግዳ ብርቱካን መስሏል። መምህርቷ የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ እጇን አጣጥፋ ቆመች። እትዬ ሣጥኑን አሳየቻቸው፣ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳች፣ ዘጠኝ ሸሚዝ ብቻ መሆኑንም ነገረች። ከዚያ ሁለቱንም አየቻቸው፤ አፍንጫ ያላቸው እነሱ ናቸውና ፍርዱ የእነሱ ነበር።

ወንድሟ ትንፋሹን ሳበና ፊቱ ተኮማተረ። ሣጥኑ አጠገብ ተንበርክኮ አፍንጫውን አስገባ፤ ቀና ሲል ግራ ገብቶት ነበር። እንጨት ነው፣ አለ። የጥድ ሣንቃ። ተነሳና ምንጣፉ የነበረበትን ወለል አሸተተ፣ መጋረጃውን አሸተተ። እንዲህ እያለ፣ እንደ ዓይነ ስውር እጁን ወደፊት ዘርግቶ፣ በትንንሽ እርምጃ ክፍሉን ዞረ፤ እርምጃው ወደ አልጋው ባቀረበው ቁጥር እየዘገየ ሄዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ቆመ።

«ድመቷ ናት» አለች እናቷ። «ነገርኳችሁ እኮ፣ አርጅታለች። ውሰዳት ልጄ፣ ግድ የለም። ጆንያውን ይዘህ የለም? ውሰዳት።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚህ ግን ዳዋዋን አሳልፋ የምትሰጠው፣ ድመቷን ከዓለም ሁሉ አብልጣ የምትወዳት እናቷ ራሷ ነበረች። ወይዘሪት በዚያ ሰዓት በበሩ ማዕዘን፣ አዲሱ ሣጥኗ ውስጥ፣ እንክብሉን እየጫረች ነበር። ከአልጋው ስድስት እርምጃ ይርቃል። ሁሉም ወደዚያ አዩ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ አልጋው አዩ።

የተንቀሳቀሰችው መምህርቷ ናት። ከበሩ መጥታ ባሏን በደረቱ ወደ ኋላ ገፋችው። «አንተ ውጣ» አለችው፣ በዚያ ሃምሳ ሕፃናት ዝም በሚያሰኘው ድምፅ፤ ወጣ። በሩን ዘጋች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ዝቅ ማድረግ እንደምትችል እትዬ ያን ቀን ነው ያወቀችው። «እማማ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም። እኔን አይፈሩም፣ አያፍሩም። ይያዙኝ» አለቻት፤ እጇንም ሰጠቻት። እናቷ እጇን ያዘችና ዓይኗን ጨፈነች። ብርድ ልብሱ ተገለጠ።

ከወገቧ በታች፣ አጥንቱ ቆዳውን በሚገፋበት ቦታ፣ በላስቲክና በተደራረበ አሮጌ ጨርቅ ሸፍናው ነበር። ጨርቁ የእናቷ የራሷ ቀሚስ ነው፣ በስሱ በስሱ የተቀደደ። እትዬ ቀሚሱን አወቀችው፤ ከራስጌዋ ሲጠፋ ለማን እንደሰጠችው ጠይቃት፣ ወንበር ላይ ባስቀመጣችሁኝ ጊዜ ለለማኝ በመስኮት ወረወርኩለት ብላት ነበር። ጨርቁ ሲነሳ መምህርቷ ፊቷን አላዞረችም፤ ከንፈሯን ብቻ ነከሰች። እትዬ የታያትን ዛሬም አትናገረውም። ያን ጊዜ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ የቆሸሸውን ጨርቅ የት ነበር የምትጥይው? እናቷ ዓይኗን ሳትገልጥ በእጇ ወደ አልጋው ሥር ጠቆመች፣ የድመቷ ከረጢት ወደሚቀመጥበት። ለሁለት ወር፣ ጠዋት ጠዋት፣ እትዬ በገዛ እጇ አራት ፎቅ ይዛው ወርዳለች።

«ሆስፒታል የገባ የእኔ ዕድሜ ሰው ሲመለስ አይቼ አላውቅም» አለች እናቷ። «እዚሁ ከወይዘሪት ጋር ትንሽ ልቆይ ብዬ ነው። አትቆጡኝ።»

የተቆጣት አልነበረም። ታክሲ ተጠራ። ወንድሟ እናቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አራቱን ፎቅ አቅፏት ወረደ፤ በየወለሉ አላረፈም። ጆንያው ኮሪደር ላይ ወድቆ ቀረ። ሐኪሙ ቁስሉ አጥንት መድረሱን፣ መርዙም ደም ውስጥ መግባቱን ነገራቸው፤ በጊዜው ቢታይ ኖሮ በቅባትና በማገላበጥ ብቻ ይድን እንደነበርም አልደበቃቸውም። ሆስፒታል ተኝታ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ነበረባት። መምህርቷ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ ቀኑን እሷ፣ ሌሊቱን እትዬ አገላበጧት። ወይዘሪትን ወደ መጨረሻው ፌርማታ የወሰዳት የለም።

እናቷ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ሐሙስ መጋቢት ሃያ አምስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መምህርቷ ወደ መስኮቱ በኩል ስታዞራት ሞተች።